አሮጌ የሞተር ብሎክ በዓይን አይገዛም

መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከመካኒኩ አፍ ይህን ቃል ይሰማል፦ «ሞተሩ መውረድ አለበት።» ቃሉ አጭር ነው፤ መዘዙ ግን ረዥም ነው። በተለይም ባለመኪናው የሚኖረው እንደ ቢስቲማ ባለች ከተማ ሲሆን፣ መኪናይቱም የቤተ ሰቡ ብቸኛ መተዳደሪያ ስትሆን፣ ሞተሩ በወረደባቸው ሳምንታት የልጆቹ የትምህርት ወጪም፣ የዕቁቡ ጣይም፣ የረዳቱ ደመወዝም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ በዛሬው ዐምዳችን ብዙ ገንዘብ በከንቱ ስለሚፈስበት ስለ አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን፤ ይኸውም አሮጌ የሞተር ብሎክ ስለ መግዛትና በማሽን ስለ ማሳደስ ነው።

ብሎክ የሞተሩ ዋና አካል ነው። ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ሲሊንደሮች በውስጡ ናቸው፤ ከታች ክራንክሻፍቱ ይተኛበታል፤ ከላይ ቴስታታው ይታሰርበታል፤ በግድግዳዎቹ መካከል የማቀዝቀዣው ውኃ፣ በቀጫጭን ቦዮቹም ዘይቱ ይዘዋወርበታል። ፒስተንና ፋሻ፣ ብሮንዚናና ጓርኒሲዮን ሲያልቁ በአዲስ ይተካሉ፤ ልካቸው የሚወሰነው ግን በብሎኩ ነው። ብሎኩ የተበላሸ እንደ ሆነ አዲስ ዕቃ መግጠም በጠማማ መሠረት ላይ አዲስ ግድግዳ እንደ ማቆም ይቆጠራል።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞ ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ በእጅ ያለች መኪና በቀላሉ የማትተካ ሆናለች። «አርጅታለችና ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» ይል የነበረው ሰው ዛሬ «እንዴት አድሼ ላቆያት?» ብሎ ይጠይቃል፤ አሮጌ ሞተርም የሚፈልገው ሰው በበዛ ቁጥር ዋጋው ከፍ ይላል።

በእኛ በወሎ በኩል የዚህ ሙያ ሥር ጥልቅ ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን በቆየባቸው ዓመታት ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ፣ ከኮምቦልቻም ወደ አሰብ የሚወስዱት መንገዶች ለከባድ መኪና ተሠሩ። ቴስታታ፣ ቡሎን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የሚሉት ቃላት ከመካኒኮቻችን አፍ ሳይጠፉ መቅረታቸው የዚያ ቋንቋ ትራፊ ነው። ከዚያም ሾፌሮች ኤንትሬ እያሉ የሚጠሩት የፊያት መኪና የአሰብን ጭነት እየያዘ በኮምቦልቻ በኩል ሲያልፍ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ የአሰብ ወደብ ለእኛ ጭነት እስከ ተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ። ሙያው በመንገዱ ዳር ከአባት ለልጅ፣ ከመምህር ለደቀ መዝሙር ተላልፏል። ይሁንና መካኒክ ሞተር ፈትቶ ይገጥማል እንጂ፣ ሲሊንደር አስፍቶ የማስተካከሉ ሥራ የማሽንና የልኬት ሥራ ነው። ሁለቱን ሙያዎች ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

አስቀድሞ የራስዎን ብሎክ ያስለኩ

ብዙ ሰው ሞተሩ ከወረደ በኋላ «ብሎኩ አልቋል» የተባለውን ሰምቶ ወዲያው ወደ ገበያ ይሮጣል። አንዳንዱ በደሴና በኮምቦልቻ አሮጌ ዕቃ መሸጫዎች ይፈልጋል፤ አንዳንዱም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይገባል። ሶማሌ ተራ የመኪና አካል ሁሉ ተበትኖ የሚገኝበት ገበያ ነው፤ የሌለ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ከመሄድዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ። የራስዎን ብሎክ ማን ለካው? በስንት ቁጥር አለቀ? «በዓይኔ አይቼው ነው» የሚል መልስ መልስ አይደለም። የራስዎ ብሎክ ምን ያህል ዓመት እንደ ሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደ ፈላ፣ ምን ዘይት እንደ ጠጣ እርስዎ ያውቃሉ። የሚገዙት ብሎክ ግን ታሪኩን የሚነግርልዎ ሰው የለውም። የራስዎ ብሎክ ያልተሰነጠቀና ገና ለመስፋት ቦታ ያለው ከሆነ፣ ከማያውቁት ብሎክ ሁሉ እርሱ ይሻላል። ሌላ ብሎክ መግዛት የሚገባው የእርስዎ ሲሰነጠቅ፣ ቢየላ ተሰብሮ ጎኑን ሲበሳው፣ ወይም ከዚህ በፊት ሰፍቶ ሰፍቶ የመጨረሻው ልክ ላይ ሲደርስ ነው። በመጨረሻውም ጉዳይ ቢሆን ሲሊንደሩን አስፍቶ ሊነር የሚባለውን የብረት ቱቦ በግፊት ማስገባት ይቻላልና፣ ባለማሽኑን ሳይጠይቁ ተስፋ አይቁረጡ።

በሻጩ በር ላይ

መግዛት ግድ ከሆነ ግን እንዲህ ያድርጉ። በወሎ «አብሽር» የሚለው ቃል ብዙ ልብ አጽናንቷል። ሻጩ «አብሽሩ ጋሼ፤ ይህ ብሎክ እንደ አዲስ ነው» ሲልዎ አመስግነው መለኪያዎን ያውጡ።

በመጀመሪያ የሞተር ቁጥሩን ይመልከቱ። ቁጥሩ በብሎኩ ላይ በመዶሻ የተመታ ነውና፣ ብሎክ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። በሊብሬዎ ላይ ግን የተጻፈው የድሮው ቁጥር ነው። ቁጥሩ የተፋቀ፣ በብየዳ የተሸፈነ ወይም እንደገና የተመታ የሚመስል ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ጥለውት ይሂዱ፤ የተሰረቀ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ንጹሕ ቢሆንም የሽያጭ ደረሰኝና ብሎኩ በሕግ ወደ አገር የገባበትን የጉምሩክ ወረቀት ይጠይቁ። ያለ ወረቀት የገዙት ብሎክ መኪናውን ያስነሣ ይሆናል፤ ለዓመታዊ ምርመራ ወይም ለሽያጭ በቀረበ ቀን ግን ያጣላዎታል። ከመግዛትዎም በፊት መኪናው ወደ ተመዘገበበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ሞተር ለመቀየር ምን ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የክራንክሻፍቱን ማቀፊያ ቆቦች ይቁጠሩ። እነዚህ ቆቦች በፋብሪካ ከብሎኩ ጋር ታስረው ባንድነት የተቦረቦሩ ናቸው፤ የሌላ ብሎክ ቆብ አይሆንላቸውም። ቁጥራቸውና አቅጣጫቸው በላያቸው ይገኛል። ቆብ የጎደለው ብሎክ «ከሌላ እናመጣልዎታለን» ቢባልም ጎዶሎ ነው። የብሮንዚናው መቀመጫ የጠቆረ ወይም የተጫረ ከሆነም ብሮንዚናው በውስጡ ዞሮበታል ማለት ነውና ይጠንቀቁ።

ሦስተኛ፣ ስንጥቅ ይፈልጉ። በሲሊንደሮቹ መካከል፣ በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያና በውኃ ማለፊያው ጎን በኩል ብረቱን አጥበው በነጭ ጋዝ ያርሱት፤ ጥቂት ቆይተው በደንብ ይጥረጉትና ጠመኔ ይቀቡት። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የቀረው ነጭ ጋዝ ወጥቶ ጠመኔውን እንደ ክር በቀጠነ መስመር ያረጥበዋል። ይህ የድሮ ብልሃት ነው፤ ወጪውም ከምንም አይቆጠርም። ይሁን እንጂ ጥልቁን ስንጥቅ የሚያሳየው የውኃውን መንገድ ዘግቶ አየር በግፊት በማስገባት ብሎኩን ውኃ ውስጥ መንከር ነው፤ አረፋ ከወጣ ነገሩ አበቃ።

ሃያ አራቱ ቁጥሮች

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ጣትዎን በሲሊንደሩ አፍ ውስጥ አስገብተው ጥፍርዎን ወደ ላይ ይጎትቱት። የላይኛው ፋሻ በሚያቆምበት ቦታ ደረጃ ከተሰማዎ ከዚያ በታች ያለው ብረት ተበልቷል። ይህ ግን ምልክት ብቻ ነው። ቁርጡን የሚናገረው ሰዓት ያለው የሲሊንደር መለኪያና ማይክሮሜትር ነው። ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለባት ከተማ ናትና፣ ማይክሮሜትር የሚያነብ ልጅ በአካባቢው አይታጣም።

እያንዳንዱ ሲሊንደር በሦስት ቦታ ይለካል፤ ከላይ፣ ከመካከል፣ ከታች። በእያንዳንዱ ቦታ ደግሞ ሁለት ጊዜ፤ አንዱ በክራንክሻፍቱ ርዝመት አቅጣጫ፣ ሁለተኛው ያንን አቋርጦ። በአንድ ሲሊንደር 6 ቁጥር፣ በአራት ሲሊንደር 24 ቁጥር ይወጣል። እነዚህ 24 ቁጥሮች በወረቀት ላይ ሳይጻፉ ገንዘብ ከኪስ መውጣት የለበትም።

ምሳሌ እንውሰድ። ሕዝቡ ዶልፊን ከሚላቸው የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች ብዙዎቹ 3ኤል የሚባለውን የናፍጣ ሞተር የያዙ ናቸው። የዚህ ሞተር ሲሊንደር በፋብሪካ ልኩ 96 ሚሊ ሜትር ነው። ስንለካው ከታች 96.03፣ ከላይ በአንደኛው አቅጣጫ 96.19፣ በሌላው አቅጣጫ 96.28 አገኘን እንበል። ሲሊንደሩ ከላይና ከታች የ0.25 ልዩነት አለው፤ ከላይም 0.09 ያህል ሞላላ ሆኗል። አዲስ ፋሻ ክብ ነው፤ በሞላላ ቀዳዳ ውስጥ ዙሪያውን ሊነካ አይችልም። ስለዚህ በዚህ ሲሊንደር ላይ ፋሻ ብቻ ቀይሮ መግጠም ጥቂት ወር ቆይቶ ያንኑ ጢስ መልሶ ማየት ነው።

«እንግዲያስ 0.50 እናሰፋዋለን» ይባላል። መልካም፤ ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። 0.50 ማለት በጠቅላላ ስፋቱ ነው፤ በእያንዳንዱ ወገን የሚነሣው ብረት 0.25 ብቻ ነው። ፒስተን ደግሞ ግድግዳውን የሚገፋው በአንድ ወገን አብልጦ ስለ ሆነ ሲሊንደር እኩል አያልቅም። ከላይ የጠቀስነው 0.28 ሁሉ በአንድ ግድግዳ ላይ ያለቀ ከሆነ፣ ማሽኑ 0.25 ከልጦ ካበቃ በኋላ 0.03 ያህል ጠባሳ ሳይነካ ይቀራል። ያን ጊዜ ባለማሽኑ አንድም መሐሉን አዛብቶ ይሰፋል፣ አንድም ወደሚቀጥለው ልክ፣ ወደ 0.75 ወይም ወደ 1.00 ይሄዳል። ስለዚህ ልኬቱ ለመጀመሪያው ልክ ጠርዝ ላይ የደረሰ ብሎክ ሲገዙ ዋጋውን እንደ ሁለተኛው ልክ ብሎክ አድርገው ይከራከሩ።

አንዳንዱም «ከሰፋ ጉልበቱ ይጨምራል» ይላል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 3ኤል 2779 ሲ.ሲ. ነው፤ በ0.50 ሲሰፋ 2808 ገደማ ይሆናል። ጭማሪው ከመቶ አንድ እጅ ነው፤ በዳገት ላይ አይታወቅም። ሞተር የሚሰፋው ለጉልበት ሳይሆን ቀዳዳውን ወደ ክብነቱ ለመመለስ ነው።

በብዙ ከባድ መኪኖች ደግሞ ሲሊንደሩ ራሱን የቻለ ሊነር ነውና ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ውኃ በቀጥታ የሚነካው ዓይነት ሊነር ከሆነ በብሎኩ ውስጥ ሊነሩ የሚቀመጥበትን እርከን ይመርምሩ። እርከኑ በዝገት ተበልቶ ከሆነ አዲሱ ሊነር ቢገባም ውኃ ወደ ዘይት ይወርዳል።

ልኬቱ አምሮዎት ከተስማሙ ውሉን በጽሑፍ ያድርጉት። «በማሽን ቤት ታጥቦ ሲመረመር ስንጥቅ ቢገኝበት ገንዘቤን እቀበላለሁ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። በብሎኩ የሚተማመን ሻጭ ይህን ለመፈረም አይከፋውም።

በማሽን ቤት

እዚህ ላይ ሥርዐቱ ከተዛባ ጥሩ ብሎክም ይበላሻል። አስቀድሞ ፒስተን ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ሲሊንደር ይሰፋል። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ያደርገዋል። ሲሊንደሩን በ0.50 ካሰፋ በኋላ ገበያ ወጥቶ ፒስተን ሲያጣ፣ ወይም ያገኘው ፒስተን በጥቂት መቶኛ ሲለይ ይቸገራል። ደግሞም በአንዳንዱ ፒስተን ላይ 020 የሚል ይጻፋል፤ ይህ የኢንች ልክ ሲሆን 0.508 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ ከ0.50 ጋር አንድ ቤት አይደለም። ፒስተንና ሲሊንደር የሚለያዩበት ክፍተት እንደ ሞተሩ ዓይነት ከአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት የማይበልጥበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ ባለማሽኑ እያንዳንዱን ፒስተን ለክቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ለየሲሊንደሩ ይደልድል።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ መሐሉን የሚይዘው ከሲሊንደሩ ታች፣ ካላለቀው ክፍል መሆኑን ይጠይቁ። ሦስተኛ፣ ማስፋፊያው የመጨረሻውን ልክ መጨረስ የለበትም፤ ጥቂት መቶኛ ለሆኒንግ ድንጋይ ይቀራል። ድንጋዩ በግድግዳው ላይ እርስ በርሱ የተሻገረ ቀጭን ጭረት ይተዋል፤ ዘይት የሚይዘው፣ ፋሻውም በግድግዳው የሚላመደው በዚህ ጭረት ነው። እንደ መስታወት የሚያበራ ሲሊንደር ዓይን ቢያስደስትም ዘይት ይበላል።

አራተኛ፣ ቴስታታው የሚያርፍበት የብሎኩ ፊት በቀጥ ብረትና እንደ ምላጭ በሳሱ መለኪያዎች ይፈተሽ። ጠማማ ከሆነ ይላጣል፤ ዳሩ ግን በናፍጣ ሞተር ፊቱ በተላጠ ቁጥር ፒስተኑ ወደ ቴስታታው ይቀርባል። ስለዚህ የተላጠው መጠን ተጽፎ፣ ጓርኒሲዮኑም በውፍረቱ ተመርጦ ይገዛ። አምስተኛ፣ የክራንክሻፍቱ ቆቦች በሚገባቸው ኃይል ታስረው የመኝታው ቀጥተኛነት ይለካ። ስድስተኛ፣ ፋሻው ከመገጠሙ በፊት ባዶውን በሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ የጫፎቹ ክፍተት ይታይ፤ የሞተሩ መጽሐፍ ከሌለ ለላይኛው ፋሻ በ100 ሚሊ ሜትር ስፋት ከ0.30 እስከ 0.40 የተለመደ መነሻ ነው።

መጨረሻው ሥራ ከሁሉ የረከሰና ከሁሉ የሚረሳ ነው፤ እርሱም እጥበት ነው። ከሆኒንግ በኋላ የድንጋዩ ዱቄት በጭረቶቹ ውስጥ ይቀራል። ናፍጣ ብቻ አያወጣውም፤ ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ይፈልጋል። የዘይት ቦዮቹም መዝጊያቸው ተፈትቶ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጉ። ነጭ ጨርቅ በሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይታጠብ፤ ወዲያውም በዘይት ይቀባ፤ አለበለዚያ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ከዚህ ጊዜ ላይ ቆርጦ «ቶሎ ግጠሙልኝ፤ መኪናዬ ቆመች» የሚል ባለመኪና «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለውን ያስብ።

ውኃውንስ ማን ይጠይቅ?

ሞተሩ ታድሶ ከመግባቱ በፊት፣ የፊተኛው ብሎክ ለምን እንደ ሞተ መታወቅ አለበት። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ገዳዩ ሙቀት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። የሐረጎን ዳገት ጭኖ የሚወጣ መኪና በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል። በደሴ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ደኅና ከሆነ ግፊት ይዞ ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ እንዳይፈላ ያደርገዋል፤ ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ግን ሞተሩን በ92 ዲግሪ አሳልፎ ይሰጠዋል። የክዳን ዋጋና የብሎክ ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቁ ማንም ያውቃል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። የወንዝ ውኃ ወደ ራዲያተር ሲጨመር ጨውና ደለል በብሎኩ ግድግዳ ላይ ቅርፊት ይሠራል፤ ብረቱንም ያዝጋል። ኩላንት የሚጠቅመው ለብርድ አገር ብቻ አይደለም፤ ዝገት ይከለክላል፣ የመፍያውንም ልክ ከፍ ያደርጋል። ቴርሞስታቱንም «ለቅዝቃዜ ይሻላል» ብሎ አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚሠራ ሞተር ቶሎ ያልቃል።

ሞተሩ ተገጥሞ ከተነሣ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች የልምምድ ጊዜ ናቸው። ቆሞ ለረዥም ሰዓት እንዲያጓራ አይተዉት፤ ከባድ ጭነትም አይጫኑበት፤ ፍጥነቱን እየለዋወጡ ይንዱት። የመጀመሪያው ዘይትና ፊልትሮ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በፊት ይለወጥ፤ ከአዲሱ ብረት የተፋቀው ሁሉ በእርሱ ውስጥ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ከቢስቲማ ወጥቶ በሐይቅ በኩል ወደ ደሴ የሚወርድ የሚወጣ ባለ አንድ ሚኒባስ ሰው ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ለማውጣት አቅም የለውም። የብሎኩ ዋጋ፣ የማሽኑ ዋጋ፣ የፒስተኑና የፋሻው ዋጋ አንድ ጊዜ ከወጣ ተመልሶ አይገኝም። ልኬቱ ግን ከነዚህ ሁሉ ርካሹ ነው፤ አንዲት ወረቀት፣ አንድ መለኪያ፣ የአንድ ሰዓት ትዕግሥት። ሻጭ ሲያመሰግን፣ መካኒክ ሲያስቸኩል፣ ወዳጅም «እኔ አውቀዋለሁ» ሲል፣ «ሃያ አራቱ ቁጥሮች የታሉ?» ብለው ይጠይቁ።

በሚመጣው ጊዜ ስለ ቴስታታ፣ ስለ ስንጥቁና ስለ ብየዳው እንነጋገራለን። እስከዚያው መንገዱ የሰላም ይሁንልዎ።